ሥዕሉ የነበረበት ግድግዳ

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጥናት ከሁሉ የሚከብደው ፎቶ ማንሳቱ አይደለም፤ ሥዕሉ የት እንደነበረ በትክክል መዝግቦ መያዙ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ ጥሩ ፎቶ በየመጽሐፉ ይገኛል። ከየትኛው ደብር፣ ከመቅደሱ በየትኛው ወገን፣ ከማን ሥዕል አጠገብ እንደሆነ አብሮ የተጻፈለት ግን ጥቂት ነው። ይህ የሌለው ፎቶ ዓይን ይስባል እንጂ ተመራማሪን ብዙም አያራምድም።

ለምን እንዲህ እንደምል ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ጊዜ የዞረ ሰው ይረዳዋል። ቅኔ ማኅሌቱን አልፈው ቅድስት ሲደርሱ ከፊት የሚገጥምዎ የመቅደሱ ግድግዳ ነው፤ ሥዕሉም በብዛት ያለው እዚያ ላይ ነው። በምዕራቡ በር ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይጠብቃሉ። ፈረሰኞቹ ሰማዕታት አብዛኛውን ጊዜ በሰሜን፣ የእመቤታችን ታሪክ በደቡብ ይሣላል። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ ቆመው ነው የሚያስቀድሱት፤ በእኔ እምነት ሠዓሊው ማን ቆሞ እንደሚያይለት እያሰበ ነበር የሚሠራው። ነጠላ ፎቶ ይህን ሁሉ ሊናገር አይችልም።

ስለዚህ ስሠራ ከሰፊው ወደ ጠባቡ እሄዳለሁ፦ ግድግዳው በሙሉ፣ ቀጥሎ ረድፉ፣ ቀጥሎ ነጠላው ሥዕል፣ በመጨረሻም ጽሑፉ፣ የተቀደደው ጨርቅና የተላጠው ቀለም። ማስመሪያና የቀለም ካርድ በፎቶው ጠርዝ ይገባሉ። «ዘከመ» ብሎ የሚጀምረውን የግዕዝ መግለጫ ከነስህተቱ እገለብጣለሁ፤ ስህተቱ ራሱ ስለ ጸሐፊው የሚነግረን ነገር አለና። ረጅም ጊዜ የምቆየው ግን ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ከሚታየው ሰው ዘንድ ነው፤ ሥዕሉን ያሠራው እሱ ነው። ቅዱሳኑ ከወግ የወረሱትን ልብስ ሲለብሱ እሱ ብዙ ጊዜ የዘመኑን ለብሶ፣ ፀጉሩን እንደ ዘመኑ ተሠርቶ ይገኛል። አጠገቡ ስሙ ካለ ዘመኑን ለማወቅ ግማሽ መንገድ ተሄደ ማለት ነው።

አንድ ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚያስገኝ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን ምስክር ነው። በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኝ የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙና የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ባይጻፍ ኖሮ፣ የአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ሠዓሊ ለእኛ ስም አልባ በሆነ ነበር። ማሪሊን ሄልድማን እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ሥራዎቹ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል።

ሥዕሎቹ ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። የተለጠፈ ደግሞ ይነሣል። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 በማርሴል ግሪዮል መሪነት ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ ልዑክ ጎንደር ሲደርስ፣ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች አንሥቶ ወሰደ፤ በቦታቸው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸውን ቅጂዎች ተካ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ተጠብቀዋል፤ ተጠንተዋል። እኔን የሚቆጨኝ ምእመኑ እየዞረ በየወገኑ ያያቸው የነበረው ሥርዓት መፍረሱ ነው።

ለዚህ ሙያ ያሉን መዛግብት ብዙ ናቸው፤ የእያንዳንዱን ጠባይ ማወቅ ግን ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ቀርጿል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በሚኒሶታ ሆነው በካታሎግ ሥራው ብዙ ደክመዋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። የእመቤታችን እጆች መጣመር፣ የያዘችው መሐረብ፣ ባጠቃላይ በሮም ከምትገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል የመጣው የምስለ ፍቁር ወልዳ አሣሣል በዚያም ይታያል። የመጀመሪያውን የጎንደር ስልት ደማቅና ልሙጥ ቀለም፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ከሚሸጋገረው ከሁለተኛው ስልት ጀርባ ለመለየት ግን የቀለም ፎቶ ያስፈልጋል። ለዚህ ማይክል ገርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ ያደራጁት «መዝገበ ስዕላት» በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች አሉት፤ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የምልካቸው ወደዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የብሪቲሽ ላይብረሪ የኮምፒውተር ሥርዓት ተጠቃ፤ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ጨምሮ በዲጂታል የተቀመጠው ሀብት ለወራት ሊከፈት አልቻለም። በሩቅ አገር ባለ አንድ ቋት ላይ ብቻ መደገፍ አይቻልም። ከምሠራው ሁሉ አንድ ቅጂ ለደብሩ፣ አንድ ለሀገረ ስብከቱ እንዲቀር አጥብቄ የምከራከረው ለዚህ ነው፤ የሚቀረውም ፋይል ብቻ ሳይሆን ምሥራቁና ምዕራቡ በአማርኛ የተጻፈበት የታተመ ፎቶ መሆን አለበት። ቄሰ ገበዙ የሚያነቡትን ያርማሉ፦ «ይኼኛው፣ ልጄ፣ ጣሪያው ሳያፈስ በፊት በምሥራቅ ነበር፤ ወደዚህ ያዞርነው እኛ ነን» ይላሉ። ያ እርማት ከነ ቀኑና ከነ ተናጋሪው ማዕረግ በመዝገቡ ይገባል።