ልጆች ስለ ጦርነት ሲጠይቁ

ሥራዬ ለልጆች ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ጦርነትን የሚያነሣ መጽሐፍ ስመርጥ የአንድ ልጅ ታሪክ እፈልጋለሁ። ያለቀው ሰው ብዛት ለአዋቂም ቢሆን ከቁጥር አያልፍም፤ የአንዲት ልጅ ስም፣ ዕድሜና ጨዋታ ግን ልጅ ልብ ውስጥ ይገባል።

ደጋግሜ የማነሣው የሳዳኮ ሳሳኪን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 በጃፓኗ ሂሮሺማ ከተማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል የ2 ዓመት ሕፃን ነበረች። ያን ዕለት ተረፈች፤ አድጋም ጎበዝ ሯጭ ሆነች። ከዓመታት በኋላ ግን የደም ካንሰር ያዛት። ሺህ የወረቀት ወፍ ያጠፈ ምኞቱ ይሠምርለታል የሚለውን የአገሯን እምነት ይዛ ሆስፒታል ውስጥ ወረቀት ታጥፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ12 ዓመቷ አረፈች።

ስለ እርሷ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመው ዝነኛ ልቦለድ 644 ወፍ ላይ ስትደርስ እንደሞተች ይተርካል። ቤተሰቧ ግን ሺውን አልፋ እንደነበር ይመሰክራል። እኔ የምነግራቸው ሁለተኛውን ነው። ሺውን ጨርሳም አልዳነችም፤ ልጆቹ «ታዲያ ለምን?» ብለው የሚጠይቁት እዚህ ላይ ነው። ያሳመማት የቦምቡ ጨረር እንደሆነ፣ ወፎቹም ሊያድኗት እንዳልቻሉ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ንባቡን ግን በሞቷ አልዘጋም። የክፍል ጓደኞቿ ገንዘብ አሰባስበው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በሂሮሺማ የሰላም መታሰቢያ መናፈሻ ለልጆች ሐውልት አስቆሙ። ሕፃን በፍርሃት ብቻ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም፤ ከጥፋት በኋላ ሰው ምን መሥራት እንደሚችልም ይወቅ።

ከፍ ያሉት «ጥፋተኛው ማን ነው?» ይላሉ። የጃፓን ጦር ቻይናንና ሌሎች አገሮችን ወርሮ ብዙ ሕዝብ እንደፈጀ እነግራቸዋለሁ። የ2 ዓመት ሕፃን በዚያ ወረራ እጇ እንደሌለበትም እጨምራለሁ። አንዱን ነግሮ ሌላውን መደበቅ ቂምን ማስተማር ነው።

ቴሌቪዥንና ስልክ ከመጽሐፍ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። መጽሐፍ ልጁ ሲከፋው ይታጠፋል፤ ዜና ግን አንዱን ፍንዳታ ደጋግሞ ሲያሳይ ለትንሽ ልጅ በየጊዜው አዲስ ፍንዳታ ይመስለዋል። ስለዚህ ወላጆች፣ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ዝጉት። ቀጥሎ «ምን አየህ? ምን መሰለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ የጠየቀውን ያህል ብቻ፣ እውነቱን መልሱለት። ዝም ካላችሁት መልሱን ብቻውን ይፈጥራል፤ ብቻውን የሚፈጥረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የባሰ ነው።