«ከሁሉ የሚበልጥ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



ባለፈው ክረምት የወጣት ኅብረታችን አባላት የጻፏቸውን ግጥሞች ለማረም ተቀምጬ ነበር። እዚህ አማን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከቤት መውጣት አይታሰብምና አንድ በአንድ በእርጋታ አነበብኳቸው። ልብ የሚነኩ ስንኞች ነበሩባቸው። አንድ ነገር ግን ከገጽ ገጽ ተከተለኝ፦ «እጅግ በጣም ታላቅ»፣ «ከሁሉ በላይ የላቀ»፣ «ወደር የሌለው፣ አቻ የሌለው»። ቃላቱ እየተደራረቡ ሄዱ፤ ከአሥረኛው ግጥም በኋላ ግን ጆሮዬ መስማት አቆመ። ስለ ጌታ የተጻፈውን እያነበብኩ ለምን እንዲህ ደነዘዝኩ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው። ሁላችንም በትምህርት ቤት «ታል፣ ቶለር፣ ቶለስት» እያልን ሸምድደናል። መካከለኛው ኮምፓራቲቭ፣ የመጨረሻው ሱፐርላቲቭ ይባላል። ስንሸመድድ ግን እንደ መሰላል አድርገን ያዝነው፦ «ታል» ረጅም፣ «ቶለር» የበለጠ ረጅም፣ «ቶለስት» እጅግ በጣም ረጅም። ይህ ስሕተት ነው። «ቶለስት» ስለ ቁመት ብዛት አይናገርም፤ ከተወሰኑት መካከል ቀዳሚው ማን እንደሆነ ብቻ ይናገራል። ከመዋዕለ ሕፃናት ልጆች መካከል «ቶለስት» የተባለው ልጅ ከወገባችን ላይደርስ ይችላል። በአማርኛም ታማሚው «ዛሬ ይሻለኛል» ሲል ድኗል ማለት አይደለም፤ ከትናንት ጋር ሲተያይ ነው። አባቶቻችን «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ያሉት ይህንኑ አይተው ነው። እንግዲህ «ከሁሉ የሚበልጥ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም አንዳንድ ጊዜ «ታላቅ» ከሚለው ያነሰ ይናገራል። ጉልበቱ ያለው አጠገቡ በቆመው ነገር ላይ ነው።

ለዚህ ከቅርባችን ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ፣ ከጌሻ አካባቢ፣ የቡና ዘር ተሰብስቦ ወጣ። በምሥራቅ አፍሪካና በኮስታሪካ በኩል አልፎ ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 «ቤስት ኦፍ ፓናማ» በተባለው ውድድር አሸንፎ በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ በዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ «የዓለም ምርጥ ቡና» ይላል። የውድድሩን ስም ግን ልብ በሉ፦ «ኦፍ ፓናማ» ይላል። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከቀረቡት የፓናማ ቡናዎች መካከል በቀማሾች አፍ የበለጠው ማለት ነው። በእናቶቻችን ግቢ ያለው ቡና በዚያ ጠረጴዛ ላይ አልቀረበም፤ ስለዚህ አልተሸነፈም።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ነገር የታደለ ነው። አማርኛ እንደ እንግሊዝኛው «ኧር» እና «ኤስት» የሚባል ቅጥያ የለውም። «ይበልጣል» ካልን ጆሮ ወዲያው «ከማን? ከምን?» ይላል። ዕብራይስጥም እንዲሁ ነው፤ የእኛን «ከ» የሚመስል ቃል ይጠቀማል። «መኃልየ መኃልይ»፣ «ቅድስተ ቅዱሳን»፣ «የነገሥታት ንጉሥ» የሚሉትም ነገሩን በአምሳያዎቹ መካከል አቁመው ነው የሚያከብሩት።

አንደኛ ቆሮንቶስ 13ን በዚህ ዓይን አንብቡት። ጳውሎስ ፍቅር ይበልጣል ሲል ከተራ ነገር ጋር አላወዳደረውም፤ እምነትንና ተስፋን አጠገቡ አቁሞ ነው። ፍቅር የገዘፈብን ጎረቤቶቹ ግዙፍ ስለሆኑ ነው።

ከዚህ ይልቅ ያስደነቀኝ ሉቃስ 9 ነው። ደቀ መዛሙርቱ ከእነርሱ ማን እንደሚበልጥ ተከራከሩ። ጌታ ሕፃን ይዞ አጠገቡ አቆመና መለሰላቸው። በቁጥር 48 ግሪኩ ላይ «የሚያንስ» የሚለው ቃል የማወዳደሪያ ቅርጽ አለው፤ «ታላቅ» የሚለው ግን ተራ ቅጽል ነው። አንዳንድ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች «ግሬተስት» ብለው ቢያስቀምጡትም ግሪኩ «ታላቅ» ብቻ ነው የሚለው። እነርሱ በብልጫ ጠየቁ፤ እርሱ ግን ማወዳደሩን ለማነስ ብቻ ትቶ ታላቅነትን ከውድድር አወጣው።

እኔ በዚህ በድያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግጥም ምሽት ዳኛ ሆኜ አንዱን ግጥም «ከሁሉ የሚበልጥ» ብዬ አወጅሁ፤ ተጨበጨበ። ሁለተኛ የወጣችው እህታችን ከዚያ በኋላ ግጥም አላመጣችም። ቆይቼ ስጠይቃት «ቲቸር፣ የእሱ እንደሚበልጥ ነገሩን፤ በምን እንደሚበልጥ ግን አልነገሩንም። የእኔ ምን እንደጎደለው ሳላውቅ ምን ላሻሽል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለቱን ግጥሞች ጎን ለጎን አስቀምጬ አላነበብኳቸውም ነበር፤ የመጀመሪያው ድምፁ ስለሞቀኝ ብቻ ነው የፈረድኩት። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ግጥሟንም አብረን ቁጭ ብለን አነበብን።

ወደ ክረምቱ ግጥሞች ልመለስ። ከመካከላቸው «እጅግ» የሚል ቃል ያልነበረበት አንድ ብቻ ነበር። ልጁ እናቱ ታምማ፣ ወንዝ ሞልቶ መኪና ማለፍ ያቃተውን ሌሊት ይተርካል። መጨረሻ ላይ ለጌታ «ሌሊቱ ረጅም ነበር፤ ትዕግሥትህ ግን ከሌሊቱ ይረዝማል» ይለዋል። እዚህ ጋ ቆምኩ። ልጁ «ከ»ውን አሟላው። ከሌሊቱ ጋር አወዳደረ፤ ሌሊቱን ደግሞ አብረነው አድረንበታል። ሌሎቹ «ከሁሉ» ያሉት እውነት ነው፤ ግን «ሁሉ» ውስጥ ያለውን አንዱንም አላሳዩንም።

ስለዚህ ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጽፉ «ይበልጣል» ያላችሁበትን ሁሉ አስምሩበትና «ከምን?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከገዛ ሕይወታችሁ ከመጣ፣ ፍርሃታችሁ፣ ዕዳችሁ ወይም ሐዘናችሁ ከሆነ፣ ጻፉት። መልስ ከሌለው «ታላቅ» በሉና ተዉት፤ ይበቃል። ስለ ወንድማችሁ ወይም ስለ እህታችሁ ሥራ ስትናገሩ ደግሞ «ይበልጣል» ከማለታችሁ በፊት በምን እንደሆነ ለመናገር ተዘጋጁ።

ጌታ ብዕራችሁን ይባርክ።