ወሬኛ ያለበት ሰፈር

የናይሮቢው ላቪንግተን ለፍቅር ኮሜዲ አይመችም። መንገዱ ጸጥ ያለ፣ ዛፉም ጥላ የሚሰጥ ነው፤ ችግሩ አጥሩ ነው። በየበሩ ዘበኛ ቆሞ፣ ሰው በመኪና ገብቶ በመኪና በሚወጣበት ሰፈር ማን ከማን ጋር እንደታየ የሚያወራ ጎረቤት ከየት ይመጣል? የፍቅር ኮሜዲ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከሁለቱ ፍቅረኞች ቀጥሎ የሚፈልገው ወሬኛ ነው።

ኬንያዊቷ ዳይሬክተር ዋኑሪ ካሂዩ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ራፊኪ» ስትሠራ ይህን አልሳተችውም። የፊልሙ ፍቅረኞች ኬናና ዚኪ የሚኖሩት እዚያው ናይሮቢ ውስጥ፣ ፎቅ ከፎቅ በሚተያይበት ሰፈር ነው። ኬና ስኬትቦርድ ትነዳለች፣ ከወንዶቹ ጋር ኳስ ትጫወታለች፤ ዚኪ ባለቀለም ሹሩባዋን እየነሰነሰች ትጨፍራለች። የማማ አቲም ኪዮስክ ጋ የማይደርስ ወሬ የለም። አባቶቻቸው ደግሞ ለአንድ የምክር ቤት ወንበር ይፎካከራሉ። ይህ ሁሉ የታወቀ የፍቅር ኮሜዲ ዕቃ ነው።

አዲስ የሚሆነው ፍቅረኞቹ ሁለት ሴቶች ሲሆኑ ነው። ዛሬ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዳይገናኙ የሚያደርግ አሳማኝ መሰናክል ማግኘት ለጸሐፊ ራስ ምታት ነው፤ የአዲስ አበባ ሲኒማ ተመልካች ስንቱን የተሳሳተ ስልክና የውሸት እጮኛ ችሎ አይቷል! «ራፊኪ» ውስጥ መሰናክሉን ማንም መፈልሰፍ የለበትም፤ የኬንያ የወንጀል ሕግ በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት እስከ 14 ዓመት እስር ይደነግጋል። ስለዚህ ጊዜው ለጨዋታው ይተርፋል። ከዚያ በላይ የሚጥመው ግን ጥርጣሬው ነው፦ ይቺ ልጅ የምታየኝ እንደ ጓደኛ ነው ወይስ? ማን ቀድሞ እንደሚናገር ልማድ አልደነገገም። አንድ የዓይን አወራረድ አንድ ገጽ ንግግር ይተካል። ኬና ነርስ እሆናለሁ ስትል ዚኪ ለምን ሐኪም አትሆኚም ብላ ትሞግታታለች፤ ከፊልሙ የፍቅር ንግግሮች ሁሉ የተሻለው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

መነሻው የኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራች ዴ ንዬኮ «ጃምቡላ ትሪ» ነው፤ በ2007 የኬን ሽልማትን ያገኘ አጭር ልቦለድ። እዚያ ታሪኩ ርቃ ለሄደች ወዳጅ የተጻፈ ትዝታ ነው። ካሂዩ ትዝታውን አስቀርታ ፍቅሩን ከዜሮ፣ ዓይናችን እያየ አስጀመረችው፤ ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ቀባችው፣ የኬንያ ሴቶችን ሙዚቃ አለበሰችው። የአፍሪካ ጥበብ ሁልጊዜ ጦርነትና ረሃብ መሸከም የለበትም ባይ ናት፤ አቋሟንም «አፍሮበብልገም» ብላ ሰይማዋለች። እውነት ለመናገር፣ መንጋው ልጆቹን ከሚደበድብበት ትዕይንት በኋላ ኮሜዲው ተመልሶ እግር አያወጣም። አንድ ሰባኪ የሚገባበት ትዕይንትም ከሌላ ፊልም የመጣ ይመስላል።

ፊልሙ ካን ፌስቲቫል ላይ የታየ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሆነ፤ የአገሪቱ የፊልም ምደባ ቦርድ ግን ገና ከካን በፊት አግዶት ነበር። ለጸሐፊ የሚገርመው ቦርዱ እንዲለወጥ የፈለገው ነገር ነው፦ መጨረሻው። ካሂዩ እንደተናገረችው፣ ተስፋው በዝቷል ተብሎ ነበር። ልጆቹ ተቀጥተው፣ ተጸጽተው ቢለያዩ ኖሮ ታሪኩ ባላስከፋ። የፍቅር ኮሜዲ ከሌላው የሚለየው ግን በመጨረሻ ገጹ ስለሆነ እሷም አልቀየረችውም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልፍሪዳ ኦክዋኒ እገዳውን ለ7 ቀናት አነሱ። ከላቪንግተን ብዙ በማይርቀው ንጎንግ ሮድ ላይ ያለው ፕሬስቲጅ ሲኒማ ሞልቶ ሰው ተመለሰ። በ2020 ሌላ ዳኛ እገዳውን አጸኑት። ካሂዩ ከዘውጉ አልራቀችም፤ በ2022 ለኔትፍሊክስ «ሉክ ቦዝ ዌይስ»ን አዘጋጀች። እዚያ አንዲት ተመራቂ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፣ ፊልሙም በውጤቱ ሁለት ሕይወት ሆኖ ይከፈላል፤ በዚህኛው መሰናክሉን መፈልሰፍ የስክሪፕቱ ሥራ ነበር።