የፈሰሰ ደም በዓይን አይለካም፦ የኢ-ሞቲቭ ጥናት ከደባርቅና ከዳባት አንጻር ሲገመገም

ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከፍተኛ የደም መፍሰስ ለእናቶች ሞት ግንባር ቀደም ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ «ብዙ ደም ፈሷል» የሚለው ውሳኔ በአብዛኛው የሚሰጠው በዓይን ግምት ነው። ደሙ በጎዝ፣ በጨርቅና በወለል ላይ ተበታትኖ ስለሚገኝ ግምቱ ከእውነተኛው መጠን ዝቅ ይላል፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥርም ስሕተቱ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው ኢ-ሞቲቭ የተሰኘው ጥናት ለዚህ ነባር ችግር መፍትሔ ይዞ ቀርቧል። ጥናቱ ሊመሰገንም ሊመረመርም ይገባዋል።

በኬንያ፣ በናይጄርያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛንያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች የተካሄደው ይህ ጥናት ያለ ቀዶ ሕክምና የወለዱ 210,132 እናቶችን አካትቷል። አዲሱን አሠራር እንዲከተሉ በዕጣ የተመደቡት ሆስፒታሎች ሕፃኑ እንደተወለደ ከእናትየዋ መቀመጫ ሥር የሚነጠፍ፣ እንደ ኪስ ሆኖ የሚሊ ሊትር ልኬት የተጻፈበት የፕላስቲክ መሰብሰቢያ ተጠቅመዋል። በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው የደሙ መጠን፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የማሕፀን መጠንከር ይመዘገባል። ደሙ 300 ሚሊ ሊትር ደርሶ ሌላ አሳሳቢ ምልክት ከታየ፣ ወይም ምልክት ባይኖርም 500 ከሞላ፣ ማሕፀንን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ የደሙን ምንጭ መመርመርና ተጨማሪ እርዳታ መጥራት አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ በአንድነት ይከናወናሉ።

ውጤቱ ትኩረት የሚስብ ነው። በነባሩ አሠራር ከደረሱት የደም መፍሰሶች በጊዜው የተለዩት 51.1 በመቶ ሲሆኑ በአዲሱ 93.1 በመቶ ሆነዋል። 1,000 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም መፍሰስን፣ ደሙን ለማስቆም ሆድ መክፈትንና በደም መፍሰስ መሞትን አንድ ላይ የሚቆጥረው ዋና መለኪያም ከ4.3 ወደ 1.6 በመቶ ዝቅ ብሏል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቅናሹ በዋናነት የመጣው ብዙ ደም የፈሰሳቸው እናቶች ቁጥር በመቀነሱ ነው፤ ሞት በሁለቱም ወገን ጥቂት ስለነበረ፣ በሞት ብቻ ሲታይ ግልጽ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ «ሞትን በ60 በመቶ ቀነሰ» ማለት ጥናቱ ያላለውን ማስባል ነው።

ሁለተኛው ነጥብ መሣሪያውን ከአሠራሩ የመለየት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ በታተመው፣ በ13 የአውሮፓ አገሮች 25,381 ወሊዶችን በተመለከተው ጥናት፣ የደም መሰብሰቢያ ከረጢት ማንጠፍ ብቻውን ከባድ የደም መፍሰስን አልቀነሰም፤ ልዩነቱ 1.71 በ2.06 በመቶ ብቻ ነበር። ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ ትምህርታቸው ግልጽ ይሆናል፦ እናትን የሚረዳው ከልኬቱ ጋር አስቀድሞ የተወሰነ፣ ወዲያውኑ የሚፈጸም ተግባር ነው። ተግባሩ የሌለበት ፕላስቲክ የወጪ ጭማሪ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነጥብ ቦታን ይመለከታል። ጥናቱ የተካሄደው ደምን ለማስቆም ቀዶ ሕክምና መስጠት በሚችሉ ሆስፒታሎች ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዳባት ደግሞ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ከሊማሊሞ በታች ባሉት የቆላ ቀበሌዎች የምትወልድ እናት ደም ሲፈሳት አምቡላንስ እስኪገኝ በቃሬዛ ተሸክመዋት የሚወጡት ዳገት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውና 20,060 እናቶችን ያካተተው የዉማን ጥናት ትራኔክሳሚክ አሲድ ከወሊድ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ መሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለዚህች እናት ሦስቱ ሰዓታት መንገድ ላይ ሊያልቁ ይችላሉ።

በመሆኑም በሆስፒታል ውስጥ 300 ሚሊ ሊትር የሥራ ባልደረባን መጥሪያ ምልክት ሲሆን፣ በጤና ጣቢያ ግን አምቡላንስ መጥሪያም ሊሆን ይገባል። የመጀመሪያው 1 ግራም ትራኔክሳሚክ አሲድ ከጉዞ በፊት ተሰጥቶ፣ የደሙ መጠንና የተሰጠበት ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ መስፈር አለባቸው። መሰብሰቢያው በማይገኝበት ጊዜም ደም የነካውን ጎዝና ጨርቅ መዝኖ የደረቁን ክብደት መቀነስ ይቻላል፤ አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የሽርት ውኃ ከደሙ ጋር እንዳይቀላቀል መጠንቀቅና ኦክሲቶሲንን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ማቆየትም የዚሁ ሥራ አካል ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽንና ከዓለም አቀፉ የአዋላጆች ኮንፌዴሬሽን ጋር በኦክቶበር 2025 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ የ300 እና የ500 ሚሊ ሊትር መስፈርት ተቀብሏል። መመሪያው መልካም ነው። ነገር ግን ሆስፒታል ላይ የተፈተነ አሠራር ሁለት አዋላጅ ነርሶች ብቻ ተረኛ በሆኑበት ጤና ጣቢያ በዚያው መጠን ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ መፈተን አለበት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውና እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው የዳባት የሕዝብና ጤና ክትትል ጣቢያ ልደትንና ሞትን የመመዝገብ ልምድ ያካበተ በመሆኑ ለዚህ ዓይነቱ ፍተሻ ተስማሚ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ደሙ 300 ሚሊ ሊትር ላይ ሳለ የሚደረገው እርዳታ ቀላል ነው፤ 1,000 ካለፈ በኋላ ግን ለእርዳታው የሚያስፈልገው ደምም ሆነ ቀዶ ሐኪም ያለው ከዳገቱ ማዶ ነው።