የመልእክተኞች ጉዞና የባህል ጥናት፤ ስለ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የቀረበ ሂስ

ሰው ወደ ባዕድ አገር ብቻውን ሲሄድና ከባልንጀሮቹ ጋራ ተሰብስቦ ሲሄድ የሚያየው ነገር አንድ አይደለም። ብቻውን የሄደ ሰው በአገሬው ልማድ ውስጥ ገብቶ ሊዋሐድ ይችላል፤ በማኅበር የሄደ ግን ያገሩን ማዕርግ፣ ሥርዐትና ቋንቋ ይዞ ስለሚጓዝ ባዕዱን የሚመዝነው ባመጣው ሚዛን ነው። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ጉዞ ታሪክ ከተጐበኘው ሕዝብ ይልቅ ስለ ጐብኚዎቹ ብዙ ይነግረናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የመልእክተኞች አለቃ ሆነው ወደ ጃፓን ከሄዱ በኋላ የጻፉት መጽሐፍ ለዚህ ምስክር ነው።

ደራሲው ለጉዞ እንግዳ አልነበሩም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራስ ኃይሉን፣ ራስ ሥዩምንና ሌሎችንም መኳንንት አስከትለው ኢየሩሳሌምን፣ ግብፅንና አውሮፓን ሲጐበኙ አብረው ነበሩ። ከዚያ ጉዞ ከተገኙት ፍሬዎች አንዱን አስቀድሞ ያሰበው አልነበረም፤ በኢየሩሳሌም የተገኙት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የብሔራዊውን መዝሙር ዜማ ደረሱ።

በጃፓኑ መጽሐፍ ጐልቶ የሚታየው ንጽጽር ነው። ሁለቱ አገሮች ሳይተዋወቁ በታሪክ እንደሚመሳሰሉ ደራሲው ያስረዳሉ፤ ዋናው ማስረጃቸውም በዚህ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ በዚያ ከጂሙ የሚቈጠረው የነገሥታት ሐረግ ነው። አንዳንድ አንባቢ ይህን የእንግዳ ውዳሴ ነው ብሎ ይንቀው ይሆናል። እኛ ግን አንስማማም። ብዙ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያን ከራሳቸው በታች አድርገው በሚመዝኑበት ዘመን፣ ከአውሮፓ ውጭ ካለ ኃያል መንግሥት ጋራ በእኩልነት መነጻጸር ደፋር አሳብ ነበር።

ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው። አንደኛ፥ ፍርዱ ከጉዞው ቀድሟል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ጃፓንን በአርአያነት ካነሡ ብዙ ዓመት ሆኖ ነበር፤ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በ1881 ዓ.ም. ከታወጀው የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። መልእክተኞቹ የሄዱት የተመረጠውን አርአያ ለማየት እንጂ ለመምረጥ አልነበረም።

ሁለተኛ፥ የንጽጽሩ ክብደት በገበሬው ላይ ሳይሆን በነገሥታቱ ላይ ዐርፏል። ጃፓን በ1865 ዓ.ም. በዓይነት ይከፈል የነበረውን ግብር ለውጣ በመሬቱ ዋጋ ልክ በገንዘብ እንዲከፈል አድርጋ ነበር። የአዲሱ መንግሥት ገቢ በዚህ ሲጸና፣ ሸክሙ የከበደው ገበሬም በየስፍራው ዐመፀ። ለኢትዮጵያ ገባር ትምህርትም ማስጠንቀቂያም የሚገኘው ከዚህ ነበር።

ሦስተኛ፥ ተጓዦቹ ብዙዎች ሲሆኑ መጽሐፉ የአንድ ሰው ድምፅ ነው። ደራሲው ሁለቱን አገሮች በዘውድ ሲያዛምዱ፣ ከመልእክተኞቹ አንዱ ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ሊያገቡ አሰቡ፤ ከቪስካውንት ኩሮዳ ልጅ ጋራ የታሰበው ጋብቻ ግን በ1926 ዓ.ም. ቀረ። ሌላው ተጓዥ ዳባ ብሩ የኢጣልያ ጦርነት በተቃረበ ጊዜ እርዳታ ለመጠየቅ ወደ ቶኪዮ ተመለሱ። አንዱ ጉዞ በየሰዉ ልብ ያሳደረው ልዩ ልዩ ነገር የሚታወቀው እነዚህ ሁሉ ተቈጥረው ነው።

የንጽጽሩም ፈተና ብዙ አልዘገየም። የጃፓን መንግሥት በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያን ግዛት ተቀበለ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስደት ዐረፉ። የነገሥታት ሐረግ መመሳሰል የመንግሥታትን ጥቅም አላስማማም።

ስለዚህ ተማሪው መጽሐፉን ስለ ጃፓን ሕዝብ ኑሮ ብቻ እንደሚመሰክር አድርጎ ባያነበው መልካም ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት በዚያ ዘመን ራሳቸውን በማን መስተዋት ለማየት እንደ ፈለጉ የሚያስረዳ፣ ተወዳዳሪው ጥቂት የሆነ ሰነድ ነው። ሲያነብም አስተናጋጁ ማን ነበር፣ አስተርጓሚውስ ማን ነበር፣ ከተጓዦቹ መካከል ሳይናገር የቀረው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ።