ስሙ የጠፋ ዘፈን

በዚህ እትም የምንጨዋወተው ስለ አንድ የስብስብ አልበም ነው። «ኤቲዮፒክስ» ተብለው በፈረንሳይ አገር ከሚታተሙት ተከታታይ ሲዲዎች አምስተኛው ሲሆን፣ ከ1970 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የነበረውን የትግርኛ ዘፈን የሚያሰማ ነው። እውነቱን ለመናገር ሲዲውን በእጃችን ነክተነው አናውቅም። ወደ ቱነይድባ የገባው እንደ ሌላው ዘፈን ሁሉ በሚሞሪ ካርድ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ሲተላለፍ ስሞቹ በየመንገዱ ረግፈው፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ራኩባው ሥር ተሰብስበን ከፈትነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ «ኧረ ይሄ የድሮ ነው፣ ቀይሩት!» አለ። ልንቀይረው ስንል ውኃ ቀድተው የሚያልፉ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን አስቀመጡና ቆሙ። ትንሽ ሰምተው «ተበርህ እኮ ናት!» አሉ። ተበርህ ማን ናት ብለን ብንጠይቃቸው ደግሞ ገረማቸው። «ልጆቼ፣ ዘፈኑን ይዛችሁ ስሙን የት ጣላችሁት?» አሉን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይኸው ጥያቄያቸው ነው።

በኋላ አንድ መምህራችን ኔትወርክ ባገኘበት ቀን የአልበሙን ዝርዝር ፈልጎ አመጣ። እናታችን ልክ ነበሩ፤ ተበርህ ተስፋሁነኝ አለችበት። ተወልደ ረዳም አለበት። ሁለቱም በ1961 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው በአስመራ የቴአትር ማኅበር ውስጥ ስማቸው የገነነ ናቸው። እኛ ግን ለወራት ሁሉንም የአንድ ሰው ዘፈን አድርገን ስንሰማ ነበር።

ያ ተማሪያችን ግን እጅ አልሰጠም። «እኛ የምንሰማው ራጋ ነው፤ ስም ምን ያደርጋል? ቢቱ ካማረ ይበቃል» ሲል ተከራከረን። እሺ፣ እንግዲያው በራጋ እንምጣበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በለንደን ከተማ ወጣት ዲጄዎች የጃማይካን የራጋ ድምፅ በጣም በፈጠነ የከበሮ ምት ላይ እየጫኑ «ራጋ ጃንግል» የተባለውን ሙዚቃ አወጡ። «ሶል ጃዝ» የተባለው የለንደን አሳታሚም በ2007 እ.ኤ.አ. የዚያን ዘመን ዘፈኖች በአንድ አልበም ሰብስቦ አሳትሟል። በእነዚያ ዘፈኖች ውስጥ እየተቆረጠ የሚቀጠለው ከበሮ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ምንጭ የመጣ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. «ዘ ዊንስተንስ» የተባለ የአሜሪካ ባንድ ካሳተመው ሸክላ ላይ የተወሰደ፣ ሰባት ሴኮንድ ገደማ የሚሆን ምት ነው። ከበሮውን የመታው ግሪጎሪ ኮልማን ይባላል። ዓለም በሙሉ በምቱ ሲጨፍር እሱ አንድም ሳንቲም ሳያገኝ በ2006 እ.ኤ.አ. አረፈ። እንግዲህ ቢቱ በቂ ነው የምንል ከሆነ፣ ለኮልማን የቀረበለት መልስ ይኸው ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አልበማችን እንመለስ። ሙዚቃው ራሱ እንዴት ነው? በእኛ ግምት ግሩም ነው። የአዲስ አበባ ባንዶች በዚያን ጊዜ በሳክስፎንና በትራምፔት ሲያደምቁ፣ እዚህ ግን ክራር የለመዱ ጣቶች ጊታር ላይ አርፈው ሲያንጎራጉሩ ይሰማል። ምቱም አንዱን እርምጃ ረዘም፣ ሌላውን አጠር አድርጎ እንደሚያነክስ ሰው ይሄዳል፤ ጓይላ ያየ ሰው ትከሻውን ይዞ መቀመጥ አይችልም። ቀረጻው አንዳንድ ቦታ ይንሿሿል። ይሁን እንጂ የተጣራ ድምፅ ከነሕይወቱ ካለ ድምፅ አይበልጥምና አልከፋንም።

የስብስቡን አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶንም ልናመሰግነው ይገባል። አሳታሚው «ቡዳ ሙዚክ» ይባላል (ስሙ ቢያስደነግጥም ከእኛ አገር ቡዳ ጋር ዝምድና የለውም!)። ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ 30 የሚጠጉ ጥራዞችን ሲያወጣ፣ ከዘፈኑ ጋር ማብራሪያ የያዘ መጽሔት አብሮ አድርጓል። የተከታታዩ መሠረት አምኃ እሸቴ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምኃ በ1969 እ.ኤ.አ. ደፍሮ የራሱን ኩባንያ ከፈተ። እሱ በ2021 እ.ኤ.አ. አርፏል፤ ሥራው ግን ስሙን ይዞ ቆይቷል። ለምን ቢባል፣ በየሸክላው ላይ ተጽፎ ስለነበረ ነው።

ነቀፌታም አለን። አንደኛ፣ ማብራሪያው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። ጀሪካን አስቀምጠው የቆሙት እናት ዘፈኑን ከማናችንም በላይ ያውቁታል፤ ስለ ዘፈኑ የተጻፈውን ግን ማንበብ አይችሉም። የዘፈኑ ባለቤት ደጅ ቆሞ እንግዳው ቤት እንደገባ ዓይነት ነው።

ሁለተኛ፣ ስብስቡ በ1975 በሩን ይዘጋል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ መጣ፤ የሸክላውም ዘመን አበቃ፤ ይህ እውነት ነው። ዘፈኑ ግን አላበቃም፤ ወደ ካሴት ገባ፤ ከሰው ጋርም ተሰደደ። በ1980ዎቹ ከድርቅና ከጦርነት የሸሹ ወገኖቻችን እዚሁ ገዳሪፍ አካባቢ፣ ኡም ራኩባን በመሳሰሉ ሰፈሮች፣ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ካሴት ይሰሙ እንደነበር የሚያስታውሱ አሁንም አብረውን አሉ። «ወርቃማው ዘመን» በሸክላ ብቻ ከተለካ የእነሱ ዘመን የት ይገባል? አንድ አዘጋጅ ሁሉንም መሰብሰብ እንደማይችል እናውቃለን። የቀረውን መሰብሰብ የማን ድርሻ እንደሆነ ነው የምንጠይቀው።

የእኛም ድርሻ ይመስለናል። ብዙዎቻችን ተከዜን ተሻግረን በሐምዳይት በኩል ስንመጣ የያዝነው ነገር ጥቂት ነው። ስልክ የያዘ ዘፈኑን ይዞ መጣ። ስልኩ ሲበላሽ ወይም ለዱቄት ሲሸጥ ዘፈኑ ለሌላ ስልክ ተርፏል፤ ስሙ ግን በዚያው ጠፍቷል። ስሙን የሚያውቁት ታላላቆቻችን ናቸው። እነሱ ደግሞ ሁልጊዜ ደጃችን ላይ ጀሪካን አስቀምጠው አይጠብቁንም።

ስለዚህ በመምህራን ክፍል አንድ ደብተር አስቀምጠናል። ተማሪዎች ከስልካችሁ አንድ ስም የሌለው ዘፈን ምረጡ፤ ለእናት፣ ለአባት፣ ለጎረቤት አሰሙ። ዘፋኙ ማን ነው? ክራሩን ወይም ጊታሩን ማን መታው? መጀመሪያ የት ሰሙት? ይህንን ጻፉ። የማይታወቀውን ቦታ ባዶ ተዉት፤ በግምት አትሙሉት፤ ሌላ ሰው መጥቶ ይሞላዋል። ዘፈኑ በትግርኛም ይሁን በአማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ልዩነት የለውም። ራጋም ቢሆን እንቀበላለን፤ ከበሮ መቺው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ እስከመጣችሁ ድረስ።

የደብተሩን የመጀመሪያ መስመር ያስሞሉን እኒያ እናት ናቸው። ያ ተማሪያችንም ሁለተኛውን ለመሙላት አያቱን ሊጠይቅ ሄዷል።