ወፌ ቆመች በአራት ክር

መራመድ እንደማልችል ባወቅኩበት ምሽት ቤዝ ጊታር ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር። የሠርግ ባንድ ሰው ነኝ። ችክችካ ከሆነ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትሰጡኝ አልስትም። አንድ ሐሙስ ማታ ጓደኛዬ ጃም ወደሚደረግበት ቤት ይዞኝ ሄደ። የቤቱ ቤዚስት ቀርቶ ስለነበር «እስቲ አንተ ውጣ» ተባልኩ። ሳክስፎን የያዘው ልጅ ዞር ብሎ «ብሉዝ በኤፍ» አለኝ፤ ድራመሩ አራት ቆጠሩ፤ ገባን።

የመጀመሪያዎቹን አራት ባሮች እንደምንም ተወጣኋቸው። አምስተኛው ላይ ኮርዱ ሲዞር እኔ ኤፍ ላይ ቀረሁ። ለማካካስ ቸኮልኩና ደግሞ ቀደምኳቸው። እነሱ ዘጠነኛው ባር ሲደርሱ እኔ የት እንደነበርኩ እግዜር ይወቅ። ዎኪንግ ቤዝ ማለት የሚራመድ ቤዝ ነው፤ የእኔ ግን እግሬ አውጪኝ ሆነ። ሲያልቅ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት ድራመር ጠራ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ጣትህ ደህና ነው። ግን ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ ነው ከቤት የምትወጣው።»

«ጋሼ፣ ኮርዶቹን እኮ አውቃቸዋለሁ።»

«ታውቃቸው ይሆናል። ከመጡ በኋላ ነው የምትፈልጋቸው።»

ያን ማታ ተናድጄ ገባሁ። ትክክል ነበሩ።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። በአንድ ባር ውስጥ አራት ምት አለ፤ ቤዚስቱ በእያንዳንዱ ምት አንድ ኖታ ይጫወታል፣ ሳያቋርጥ፣ እኩል እኩል። ብሉዝ አሥራ ሁለት ባር ስለሆነ አንድ ዙር 48 ኖታ ነው። ሶሎ የሚጫወተው ሰው አምስት ዙር ከወሰደ 240 ኖታ አለብህ፤ በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ ያንኑ ሐረግ እየደጋገምክ ልታመልጥ አትችልም። አስቸጋሪው ይኼ ነው። እኔ ቤዝ የወደድኩት በሮሃ ባንድ ካሴቶች ጆቫኒ ሪኮን እየሰማሁ ነው። በምንሠራቸው ዘፈኖች ብዙውን ጊዜ አንድ ጥሩ ሐረግ ይያዝና ሰው እስክስታውን በዚያ ላይ ይመታል። ሐረጉን የሚቀያይር ቤዚስት ዘፋኙን ያስኮርፋል፤ እኔም ተገሥጬበታለሁ። እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት «አትነቅነቅ» ሲባል የኖረ እጅ ነው በአንድ ጊዜ ተራመድ የተባለው።

ጃዝ ራሱ ሲጀመር ቤዙ እንዲህ አልነበረም። በድሮዎቹ ባንዶች ቱባም ይሁን ዳብል ቤዝ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ባር ሁለት ምት ብቻ ነበር የሚመታው። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በካውንት ቤዚ ኦርኬስትራ ውስጥ የነበረው ዋልተር ፔጅ አራቱንም ምት እኩል እያስኬደ ባንዱን በሙሉ ተሸከመው። ቀጥሎ ጂሚ ብላንተን መጣ፤ በ1939 የዱክ ኤሊንግተንን ኦርኬስትራ ተቀላቀለ፣ በ1942 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ዕድሜው 23 ነበር። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሡ እጅ ኒሻን ሲቀበል ብላንተን ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ፔጅም ብላንተንም የሚጫወቱት በዳብል ቤዝ ነበር። እኔ ዳብል ቤዝ የለኝም፤ ለመግዛትም አላስብም፤ ቢገዛስ ታክሲ ውስጥ በምን ይገባል?

ወደ ልምምዱ ልመለስ። የመጀመሪያውን ወር የኮርዱን መነሻ ኖታ ብቻ አራት አራት ጊዜ ስመታ ከረምኩ። ኤፍ ኤፍ ኤፍ ኤፍ። አሰልቺ ነው፤ የጎረቤቴ ልጅ እንኳ «ዛሬም ያቺኑ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ግን አሥራ ሁለቱን ባር በሰውነቴ ውስጥ ያስቀመጠልኝ እሱ ነው። አሁን እያወራሁም አምስተኛው ባር ሲመጣ ይሰማኛል። ጀማሪ ይህን ወር ዘሎ ወደ ጌጡ ቢሄድ የእኔን ሐሙስ ይደግማል።

ከዚያ የኮርዱን ሌሎች ኖታዎች ጨመርኩ፦ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ። ሦስቱ ምት በዚህ ሞላ። አራተኛው ምት ላይ ግን ቆምኩ፤ ጋሼ የነገሩኝ መንገድም እዚያ ላይ ነበር።

አራተኛው ባር ላይ ነህ እንበል። የሚቀጥለው ኮርድ ቢ ፍላት ነው። ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ ብለህ መጥተሃል። አራተኛው ምት ላይ ከቢ ፍላት አንድ ፍሬት ከፍ ብላ ያለችውን ቢን ትመታለህ። ቢ ለኤፍ ኮርድ ባዕድ ናት፤ ብቻዋን ብታቆያት ጥርስ ታፋጫለች። ግን አታቆያትም፤ ወዲያው ቢ ፍላት ላይ ትወርዳለህ፤ ያኔ አዲሱ ኮርድ ሲጠበቅ የኖረ እንግዳ ሆኖ ይገባል። ስትመለስም እንደዚሁ ነው፦ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ከዚያ ኢ፣ ከዚያ ኤፍ። አሁን ከታች በአንድ ፍሬት መጣህ ማለት ነው።

ይህችን አንድ ፍሬት ለመልመድ የወሰደብኝ ጊዜ አሳፋሪ ነው። ጣቴ ሄደ፣ ጆሮዬ እምቢ አለ። ምክንያቱን ያወቅኩት ቆይቶ ነው። በትዝታ ሜጀር ቅኝት አምስት ድምፅ አለ፤ በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ፍሬት ብቻ የሚርቅ ጥንድ የለበትም። እርግጥ በሌሎቹ ቅኝቶች፣ በትዝታ ማይነር ለምሳሌ፣ አለ፤ ግን እዚያም ያቺ ድምፅ የቅኝቱ ልጅ ናት። ከቅኝቱ ውጭ የሆነች ድምፅ ሠርግ ላይ ብትመታ ስሕተት ነው፤ ኪቦርዲስቱ ዞር ብሎ ያይሃል። እኔ ያደግኩት ያቺን ድምፅ ስሸሽ ነው። ዎኪንግ ቤዝ ደግሞ ሆን ብለህ፣ በጊዜዋ፣ ለአንድ ምት ብቻ ጥራት ይላል። ለፈረንጁ ጀማሪ ይህ የሒሳብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ የድፍረት ጉዳይ ነበር።

ሌላው ልማዴ ደግሞ ኖታ መቁረጥ ነው። ችክችካ ውስጥ ቤዙ ቆረጥ ቆረጥ ሲል ያምራል፤ ግራ እጅ ቶሎ ይለቃል። እዚህ ግን ኖታው ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ መቆየት አለበት። ካልቆየ እርምጃ መሆኑ ቀርቶ ዝላይ ይሆናል። ይህን በቀረጻ ካልሰሙት አይታወቅም። እኔ በስልኬ ቀድቼ ሰማሁና መጀመሪያ ስልኩን ጠረጠርኩ። መጠርጠሬም ከንቱ አልነበረም፦ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ እዚያ ድረስ አይወርድም። ስለዚህ በስልክ ቤዝ የምትሰሙ ጀማሪዎች ቢያንስ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። በጆሮ ማዳመጫም ብሰማው ግን ኖታዬ የተቆረጠች ነበረች።

መብራት ሲጠፋ አምፕ የለም። ያን ጊዜ የቤዙን ጫፍ ቁም ሳጥኑ በር ላይ አስደግፌ እጫወታለሁ፤ እንጨቱ ይንቀጠቀጥና ድምፁ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ሜትሮኖሙ ደግሞ በስልክ ነው። 40 ላይ አደርገውና «ቲክ» የሚለውን ሁለተኛውና አራተኛው ምት ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሙዚቃው በ80 ይሄዳል ማለት ነው። አንደኛውንና ሦስተኛውን ራስህ ታመጣለህ፤ የሚያመጣልህ የለም። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ባር ሳልሞላ ተገለበጠብኝ።

መስመሮችን ጽፈው የሚሸጡ መጻሕፍት አሉ፤ አንዱን ሸምድጄ ነበር። አልመክረውም። ፒያኒስቱ ትንሽ መንገድ ሲቀይር የሸመደድከው ሁሉ ይበተናል። ይልቅ አንድ ሙዚቃ ይዞ በጆሮ መልቀም ይሻላል። እኔ የያዝኩት ማይልስ ዴቪስ በ1959 «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ላይ ያስቀረጸውን «ፍሬዲ ፍሪሎደር» ነው። በቢ ፍላት የሆነ ብሉዝ ነው፤ ቤዙን የሚጫወተው ፖል ቼምበርስ ነው፤ በዕለቱ እሱም 23 ዓመቱ ነበር። እየለቀምኩ ስሄድ የዜማው መጨረሻ ሁለት ባሮች ላይ ሁልጊዜ ተሳሳትኩ። ቢ ፍላት ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ አይመለስም፤ ወደ ኤ ፍላት ይወርዳል። ሳምንት ሙሉ ጆሮዬን ስከስ የከረምኩት ሙዚቃው ራሱ እንደዚያ ሆኖ ነው። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነበር፤ እንደለመድኩት መገመት ትቼ መስማት ጀመርኩ።

ከስምንት ወር በኋላ ወደዚያው ቤት ተመለስኩ። ሳክስፎኑ ስድስት ዙር ወሰደ። አራቱን በደህና ሄድኩ፣ አምስተኛው ላይ ጠፋሁ። እንደ ድሮው ግን አልሮጥኩም፤ መነሻዋን ኖታ እየመታሁ ፒያኖው ወደ ቢ ፍላት እስኪዞር ጠበቅኩና እዚያ ገባሁ። ሲያልቅ ጋሼ ስቲካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ወፌ ቆመች!» አሉ። ቤቱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

ጃም ለምታዘጋጁ አንድ ልመና አለኝ። ቤዝ ይዞ ጥግ ላይ የተቀመጠ አዲስ ልጅ ካያችሁ አውጡት፤ ሲወጣ ግን ፈጣኑን አትጥሩበት። ብሉዝ በኤፍ፣ ዝግ ባለ ቴምፖ፣ ቢያንስ አራት ዙር ስጡት። ድራመሩም አምስተኛው ባር ሲደርስ ቀና ብሎ ይየው።